የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ስቲቨን ኪንግ በቀን ስንት ቃል ይጽፋል?

ስለ አሜሪካዊው የአስፈሪ ልብወለድ ደራሲ ስለ ስቲቨን ኪንግ የደረሱንን ጥያቄዎች፣ ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምረን፣ እነሆ መልስ ሰጥተንባቸዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ መጽሐፍ ጽፎ በአንድ ሌሊት ሀብታም ሆነ የሚባለው እውነት ነው? (ከአዳማ)

ሌሊቱ ረጅም ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፉ «ካሪ» በሚያዝያ 1974 ሲወጣ ኪንግ 26 ዓመቱ ነው። ታሪክ ለመጽሔት መላክ የጀመረው ግን ገና በልጅነቱ ነው። «አንቀበልም» እያሉ የሚመልሱለትን ወረቀት ክፍሉ ግድግዳ ላይ በመታው ሚስማር ይሰካ ነበር። 14 ዓመት ሲሆነው ሚስማሩ የወረቀቱን ክብደት መሸከም ስላቃተው በረጅም ችንካር ተካው። ከዚያም መላኩን አላቆመም። የመጀመሪያው ክፍያ የተገኘው በ1967 ነው፤ ለአንድ አጭር ልብወለድ 35 ዶላር።

በ1970 ከሜይን ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ተመረቀ፤ የማስተማር ሥራ ግን ወዲያው አላገኘም። በአንድ ላውንደሪ ተቀጥሮ የሆስፒታል አንሶላና የምግብ ቤት የጠረጴዛ ልብስ ያጥብ ነበር። በ1971 መምህር ሆነ፤ ደመወዙ በዓመት 6,400 ዶላር። ሚስቱ ታቢታ በዳንኪን ዶናት የማታ ፈረቃ ትሠራለች። ሁለት ልጆች አሉ። የሚኖሩት ተጎታች ቤት ውስጥ ሲሆን ኪንግ የሚጽፈው ልብስ በሚታጠብባት ጠባብ ክፍል ነው፤ የልጅ ጠረጴዛ ጭኑ ላይ አስደግፎ፣ በሚስቱ ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው። ደብልዴይ የተባለው አሳታሚ ለ«ካሪ» የሰጠው ቅድሚያ ክፍያ 2,500 ዶላር ነው፤ የአምስት ወር ደመወዝ እንኳ አይሞላም። የምሥራቹ የመጣው በቴሌግራም ነበር (ስልካችሁ ላይ ያለው አይደለም፣ የጥንቱ)፤ የቤቱን ስልክ ሒሳብ መክፈል አቅቷቸው አስነስተውት ነበርና። በዚያ ገንዘብ ፎርድ ፒንቶ መኪና ገዙ፤ በቃ፣ አለቀ። ትልቁ ገንዘብ የመጣው በግንቦት 1973 ነው። የለስላሳ ሽፋን እትሙ መብት በ400,000 ዶላር ተሸጠ። በውሉ መሠረት ግማሹ የደብልዴይ፣ ግማሹ የደራሲው። 200,000 ዶላር ለኪንግ የ31 ዓመት የመምህርነት ደመወዝ ማለት ነው። ዜናውን ሲሰማ ቀኑ እሑድ ነበር፤ ታቢታ ልጆቹን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ስጦታ ሊገዛላት ወጣ፤ ክፍት ያገኘው አንድ መድኃኒት ቤት ብቻ ስለነበር የፀጉር ማድረቂያ ይዞላት ተመለሰ።

ውል ለምትፈርሙ ደራስያን፦ ያንን ገንዘብ ያመጣው የሽፋኑ ዓይነት ሳይሆን በውሉ ላይ «ተከታይ መብቶች» የሚለው አንቀጽ ነው። የለስላሳ ሽፋን፣ የድምፅ፣ የፊልም፣ የትርጉም መብት እያንዳንዱ ለብቻው ተጽፎ፣ ከፊት ለፊቱ የእናንተ ድርሻ በመቶኛ ካልተቀመጠ አትፈርሙ።

ሚስቱ መጽሐፉን ከቆሻሻ ውስጥ አወጣችው ይባላል። ሙሉውን ነው የጣለው? (ከሐዋሳ)

ሦስት ገጽ ብቻ። መጽሐፉ ያው «ካሪ» ነው። ሲጀምረው ለመጽሔት የሚሆን አጭር ታሪክ መስሎት ነበር፤ ሦስት ገጽ ሲደርስ ለመጽሔት እንደሚረዝም ገባው። ዋና ገጸ ባሕርይዋን አልወደዳትም። ከሁሉ በላይ ስለ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ሕይወት፣ ስለ መታጠቢያ ክፍላቸው ወሬ፣ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ጨምድዶ ጣለው። ታቢታ የሲጋራውን አመድ አራግፋ፣ ወረቀቱን አቃንታ አነበበችና ቀጥል አለችው፤ የማያውቀውንም እሷ ነገረችው።

መጽሐፉን ገልጣችሁ ብታዩ በትረካው መሐል የተፈበረኩ የጋዜጣ ዘገባዎች፣ የምርመራ ቃሎችና ከሌሎች «መጻሕፍት» የተወሰዱ የሚመስሉ ቅንጭቦች ታገኛላችሁ። አጭሩን ታሪክ ወደ ልብወለድ ያሳደገው በዚህ ነው። ሰነዶቹ ሌላም ጥቅም አላቸው፦ አደጋ እንደሚመጣ አንባቢው ከመጀመሪያው ያውቃል፤ ያልገባው እንዴት እንደሚመጣ ብቻ ነው።

በቀን ስንት ቃል ይጽፋል? እኔስ በአማርኛ ስንት ልጻፍ? (ከባሕር ዳር፣ ከደሴና ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ለብዙ ዓመታት ልኩ 2,000 ቃል ነበር፤ አሥር ገጽ ገደማ። በሦስት ወር 180,000 ቃል ይሆናል፣ የወፍራም መጽሐፍ መጠን። የመጀመሪያ ረቂቅ ከሦስት ወር በላይ መፍጀት የለበትም ባይ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ታሪኩ ለጸሐፊው ራሱ ባዳ ይሆንበታል። በኋለኞቹ ዓመታት ወደ 1,000 ቃል ዝቅ አድርጎታል። በ2000 ባሳተመው «ኦን ራይቲንግ» በተሰኘው የሙያ መጽሐፉ ለጀማሪዎች የሚመክረውም 1,000 ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት።

ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት ግን ስሕተት ነው። «አልነገርኩትም» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እንግሊዝኛው በአምስት ቃል ነው የሚለው። ባለቤቱም፣ ተሳቢውም፣ አሉታውም ግሡ ውስጥ ገብተዋል። ስለዚህ በአማርኛ 1,000 ቃል ብሎ የተነሣ ጀማሪ ከኪንግ ምክር በላይ እየሠራ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት የሚያቆመውም ለዚህ ነው። በእኛ ግምት በቀን 650 ቃል ይበቃል። በሳምንት ስድስት ቀን ብትሠሩ 3,900፤ በ13 ሳምንት 50,000 ቃል ይሞላል። በአንድ ገጽ 250 ቃል ብለን ብናሰላ የ200 ገጽ መጽሐፍ ነው።

የቀሩት ደረጃዎች እንዲህ ናቸው። የመጀመሪያው ረቂቅ በር ተዘግቶ ይጻፋል፤ ለማንም አይነበብም፣ በየመሐሉም ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም የለም። ሲያልቅ ቢያንስ ስድስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። በዚያ ጊዜ ሌላ ነገር ጻፉ። ስድስት ሳምንት የተባለው ጽሑፉን የሌላ ሰው እስኪመስላችሁ ድረስ እንድትረሱት ነው፤ በሦስተኛው ቀን አውጥታችሁ ብታነቡት ዓይናችሁ የሚያየው በወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን ልትሉት ያሰባችሁትን ነው። ከዚያ ሁለተኛው ረቂቅ፤ ቀመሩ የመጀመሪያው ረቂቅ ሲቀነስ አሥር በመቶ። ይህን ቀመር ኪንግ አልፈጠረውም። በ1966 ታሪኩን የመለሰለት አንድ የመጽሔት አርታኢ ነው በውድቅ ወረቀቱ ላይ በእጁ ጽፎ የላከለት።

አሥር በመቶው ከየት ይቀነሳል? ኪንግ ጠላቴ የሚለው ተውሳከ ግሥን ነው። በአማርኛ ተውሳከ ግሥ አብዛኛውን ጊዜ በ«በ» ይጀምራልና ለማደን ይቀላል፤ በቁጣ፣ በድንጋጤ፣ በፍጥነት፣ በሚያስፈራ ሁኔታ። ይህን ተመልከቱ፦

«ውጣ ከቤቴ!» ሲሉ አባ በከፍተኛ ቁጣ ጮኹበት።

ሰባት ቃል ነው። ንግግሩ ራሱ ቁጣ ነው፤ የቃለ አጋኖውም ምልክት አለ። ስለዚህ፦

«ውጣ ከቤቴ!» አሉ አባ።

አራት ቃል። «አለ» እና «አለች» አንባቢ ሳያያቸው የሚያልፋቸው ቃላት ናቸው። «ሲል አንባረቀ»፣ «በማለት ደነፋ»፣ «ስትል አጉረመረመች» እያሉ መቀያየር ግን ጸሐፊውን ከመጋረጃው ጀርባ ያወጣዋል። አማርኛ ላይ እኛ የምንጨምረው አለ፦ ጥንድ ቃላት። «ፍርሃትና ድንጋጤ»፣ «ጩኸትና ዋይታ»፣ «ጭንቅና መከራ»። አንዱን ምረጡ፤ ከአሥር በመቶው ግማሹ እዚያ ውስጥ ነው።

አስፈሪ ታሪክ ጽፌ ለጓደኞቼ ሳነብላቸው ይስቃሉ። ምን አጎደልኩ? (ከጎንደር)

ምናልባት ጭራቁን ቶሎ አወጡት። ኪንግ በ1981 ባሳተመው «ዳንስ ማካብር» ፍርሃትን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። ከሁሉ የሚበልጠው ገና ያልታየው ነገር የሚፈጥረው ሥጋት ነው። ሁለተኛው የሚታየው ጭራቅ፤ ዝቅተኛው ደሙና አንጀቱ፣ የሚያቅለሸልሸው። በላይኛው እንደሚሞክር፣ ካልሆነለት ወደ ሁለተኛው፣ እሱም ካቃተው ወደ ሦስተኛው እንደሚወርድና እንደማያፍርበት ይናገራል። ጀማሪዎች ከሦስተኛው ስለሚጀምሩ መውጫው ይጠፋቸዋል።

«በጣም አስፈሪ ድምፅ ሰማች» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስፈራም፤ ድምፁን አንባቢው አልሰማውማ። «ቆርቆሮው ላይ የሆነ ነገር ሲራመድ ሰማች። አራት እርምጃ። ከዚያ ልክ ከአልጋዋ በላይ ቆመ።» እዚህ ውስጥ «አስፈሪ» የሚል ቃል የለም።

ሁለተኛው ነገር፣ ኪንግ ሙሉ ሴራ ነድፎ አይነሣም፤ የሚነሣው «ምን ቢሆን?» ከሚል ጥያቄ ነው። ለምሳሌ «ኩጆ» (1981)፦ አንዲት እናትና ትንሽ ልጇ በቆመች መኪና ውስጥ ተዘግተው እብድ ውሻ ውጭ ቢጠብቃቸውስ? መንፈስ የለ፣ ሰይጣን የለ። እብድ ውሻ ደግሞ ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። መኪናዋ ለምን እንደቆመች ከአደጋው በፊት ገጾች አስቀድሞ እናውቃለን፤ ካርቡረተሯ ሲያስቸግር ከርሟል። ፎርድ ፒንቶ ናት፤ በመጀመሪያው ቅድሚያ ክፍያው የገዛት ዓይነት። እርስዎም ጭራቁን ከማምጣትዎ በፊት ካርቡረተሩን ያበላሹ።

«ሚዘሪ» የሚለውን ፊልም አየሁ። ራሱ መኪና ገጭቶት እግሩ ከተሰበረ በኋላ የጻፈው ነው አሉኝ። (ከድሬዳዋ)

የተገላቢጦሽ ነው። በመኪና አደጋ እግሩ የተሰበረን ደራሲ አንዲት ነርስ ቤቷ ውስጥ አግታ የምታሠቃይበት «ሚዘሪ» የታተመው በ1987 ነው፤ ፊልሙ በ1990። ኪንግ የተገጨው ግን ሰኔ 19 ቀን 1999 ነው፤ መጽሐፉ ከወጣ 12 ዓመት በኋላ። ነርሷን አኒ ዊልክስን የወለዳት የገዛ ሱሱ እንደነበረ ራሱ ተናግሯል፤ ኮኬይን ናት አኒ። በዚያ ዘመን መጠጡም ዕፁም ከብዶበት ነበር፤ «ኩጆ»ን መጻፉን እንኳ በቅጡ አያስታውስም። ቤተሰቡ ሰብሰብ ብሎ አፋጥጦት ነው ያቆመው።

አደጋው የደረሰው ሜይን ውስጥ ከመንገድ ዳር በእግሩ ሲሄድ ነው። ሹፌሩን መኪና ውስጥ የነበረ ውሻው አዘናግቶት ነበር። የኪንግ እግር ከጉልበቱ በታች ቢያንስ ዘጠኝ ቦታ ተሰበረ፤ ዳሌው፣ አራት የጎን አጥንቶች፣ ሳንባውም ተጎዳ። በአምስተኛው ሳምንት ሚስቱ ተሽከርካሪ ወንበሩ የሚገባበት ጠረጴዛ አዘጋጀችለትና በእንጥልጥል የቀረውን «ኦን ራይቲንግ» ቀጠለ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ተቀመጠ። ቀጣዩን ልብወለድ «ድሪምካቸር»ን የጻፈው በብዕር፣ በእጁ ነው።

ሪቻርድ ባክማንም እሱ ነው? ለምን ስሙን ደበቀ? (ከአዲስ አበባ)

እሱ ነው። በዘመኑ አሳታሚዎች አንድ ደራሲ በዓመት ከአንድ መጽሐፍ በላይ ካወጣ የራሱን ገበያ ይሻማል ብለው ያምኑ ነበር፤ ኪንግ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጽፋል። መጽሐፎቹ የሚሸጡት በጥራታቸው ይሁን በስሙ ለመፈተንም ፈለገ። ከ1977 እስከ 1984 ባለው ጊዜ በዚያ የብዕር ስም አምስት መጻሕፍት ወጡ። የተጋለጠው በ1985 ነው፦ ዋሽንግተን ያለ አንድ የመጽሐፍ መደብር ሠራተኛ አጻጻፉን ጠርጥሮ በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት የቅጂ መብት መዝገብ አገላበጠ፤ አንዱ ቅጽ ላይ «ስቲቨን ኪንግ» የሚል አገኘ። የብዕር ስም የሚያጋልጠው እንዲህ ነው፤ ሽፋን ላይ ሳይሆን ፋይል ውስጥ።

የፈተናው ውጤትስ? «ቲነር» በባክማን ስም 28,000 ቅጂ ሸጦ ነበር፤ የኪንግ መሆኑ ሲታወቅ አሥር እጥፍ ሆነ። መልሱ ለማንም ደራሲ ደስ አይልም። ከአምስቱ የመጀመሪያውን «ሬጅ»ን የምትፈልጉ በአዲስ እትም አታገኙትም። ታሪኩ ጠመንጃ ይዞ ክፍል ስለገባ ተማሪ ነው፤ በእውነት ከደረሱ የትምህርት ቤት ተኩሶች ጋር ስሙ ስለተያያዘ ኪንግ ራሱ ከኅትመት አስወጥቶታል።

«ዘ ሻይኒንግ» ፊልሙን ለምን ጠላው? ዓለም የወደደው ፊልም አይደል? (ከቴል አቪቭ)

መጽሐፉን ላላነበባችሁ መጨረሻውን እንናገራለንና ይህን እለፉት። የ1977ቱ መጽሐፍ በክረምት ባዶውን በቀረ ሆቴል ከቤተሰቡ ጋር የሚኖር፣ የሚወደውን ልጅ ሊጎዳ የደረሰ ጃክ የተባለ የመጠጥ ሱሰኛ አባት ታሪክ ነው፤ ኪንግ ከራሱ ጓዳ ያወጣው። ፍርሃቱ የሚሠራው ጃክ በመጀመሪያ ደህና ሰው ስለሆነ ነው። በስታንሊ ኩብሪክ የ1980 ፊልም ግን ጃክ ኒኮልሰን ከመጀመሪያው ትዕይንት ያበደ ይመስላል፤ የሚወድቅበት ከፍታ የለውም። በመጽሐፉ ሆቴሉ የሚጠፋው ግፊቱ ሳይተነፍስ በቀረ ቦይለር ፍንዳታ፣ በእሳት ነው፤ አባትየውም ለአፍታ ወደ ልቡ ተመልሶ ልጁን ያስመልጠዋል። በፊልሙ ግን ሆቴሉ አይቃጠልም፤ አባትየው በረዶ ውስጥ ቀዝቅዞ ይሞታል። ፊልሙ ትልቅ ፊልም ነው፤ የኪንግም ቅሬታ ልክ ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም።

አንድ ትርፍ ነገር፦ ታሪኩ የተፀነሰው ኪንግና ሚስቱ በ1974 ኮሎራዶ በሚገኘው ስታንሊ ሆቴል፣ ክፍል 217 ባደሩ ጊዜ ነው። በመጽሐፉም አስፈሪው ክፍል 217 ነው። ፊልሙ ላይ 237 የሆነው ውጪው የተቀረጸበት የኦሪገኑ ቲምበርላይን ሎጅ እንግዳ 217ን ፈርቶ እንዳይሸሽ በሆቴሉ የሌለ ቁጥር እንዲደረግ ስለጠየቀ ነው። ዛሬ እዚያ ሎጅ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ክፍል 217 ነው።

እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው። በየትኛው ልጀምር? (ከመቀሌና ከዱባይ)

በ«ናይት ሺፍት» (1978)። ሃያ አጫጭር ታሪኮች ናቸው፤ አንዱ ቢከብዳችሁ ሌላውን። ቀጥሎ «ሚዘሪ»፤ ከሞላ ጎደል ሁለት ሰውና አንድ ክፍል ስለሆነ ስም ማምታታት የለም። ከዚያ «ዲፈረንት ሲዝንስ» (1982)፤ ብዙዎች የሱ መሆኑን ሳያውቁ የሚወዱት የ«ሾሻንክ ሪደምፕሽን» ፊልም ታሪክ እዚያ ውስጥ ነው፣ አስፈሪም አይደለም። በ«ኢት» እና በ«ዘ ስታንድ» አትጀምሩ፤ ሁለቱም ከ1,000 ገጽ ያልፋሉ። የሚያስቸግራችሁ ሰዋስው አይሆንም፣ የሚናገረው እንደ ጎረቤት ነውና፤ የሚያስቸግረው የአሜሪካ ሸቀጥ ስምና የሜይን ገጠር አነጋገር ነው። እሱን ሁሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ አትፈልጉ፤ ዝለሉት።

አንዱን ታሪኩን ወደ አማርኛ ተርጉሜ ጨርሻለሁ። እንዴት ላሳትም? (ከጅማ)

ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ ፈቃድ ይቀድማል፣ ትርጉም ይከተላል። የትርጉም መብት የደራሲው ነው፤ ጥያቄው የሚላከው በመጽሐፉ የመብት ገጽ ላይ ለተጠቀሰው አሳታሚ የውጭ መብት ክፍል ወይም ለደራሲው ወኪል ነው። ብዙውን ጊዜ ከግለሰብ ተርጓሚ ይልቅ ከአሳታሚ የመጣ ጥያቄ ይሰማል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አሳታሚ ይያዙ። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የሥራው ርእስ፣ «የአማርኛ ቋንቋ መብት»፣ የሚሸጥበት አገር፣ የቅጂ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ወረቀት ይሁን ኢ-መጽሐፍ፣ ፈቃዱ የሚቆይበት ዓመት፣ የምትከፍሉት ቅድሚያ ክፍያና መቶኛ። ከሙሉ መድበል ይልቅ አንድ አጭር ታሪክ መጠየቅ ይቀላል። ኪንግ አጫጭር ታሪኮቹን ወደ ፊልም እንዲለውጡ ለፊልም ተማሪዎች በአንድ ዶላር ይሰጥ የነበረው ፈቃድ ለትርጉም አይደለም፤ እሱም በ2023 መጨረሻ ተዘግቷል።

ልጁም ደራሲ ነው አሉ። (ከጎንደር)

ሁለቱም ወንዶች ልጆቹ። ታላቁ ጆሴፍ «ጆ ሂል» በሚል ስም ለዓመታት ሲጽፍ የማን ልጅ እንደሆነ የራሱ ወኪል እንኳ አያውቅም ነበር፤ በ2007 ነው የታወቀው። የአባቱን ስም ጥሎ መነሣቱ በእኛ አገር ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ የባክማንን ፈተና ልጁ ነው ያለፈው። ታናሹ ኦወን በ2017 ከአባቱ ጋር «ስሊፒንግ ቢውቲስ»ን ጽፏል።

የምኖረው ቦስተን ነው። ቤቱን መጎብኘት ይቻላል? (ከቦስተን)

ከውጭ፣ አዎ። ቤቱ ያለባት የሜይን ግዛቷ ባንጎር ከተማ ከቦስተን በአይ-95 መንገድ ወደ አራት ሰዓት ያስነዳል። ቤቱ ዌስት ብሮድዌይ ላይ ያለው ቀይ ቤት ነው፤ የብረት አጥሩ ላይ የሌሊት ወፍ አለ። በ2019 የከተማው ምክር ቤት ለመዛግብት ማስቀመጫና ለደራስያን ማረፊያ እንዲውል ፈቅዷል፤ ሙዚየም ግን አይደለም፣ ቲኬትም የለውም። ከእግረኛ መንገዱ ላይ ፎቶ ያነሣሉ፣ ሰው ሁሉ ያነሣል። ከዚያ በ1897 የተሠራውን የቶማስ ሂል የውኃ ማማ ይመልከቱ፤ «ኢት» ውስጥ የምታገኙት ማማ መነሻው እሱ ነው። መኪናዎን የጎረቤት በር ላይ አያቁሙ፤ ደወሉንም አይጫኑ።